የወይራው ሥር ደጅ ጥናት

በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከበሩ እንደገቡ በስተግራ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ውስጥ ስለማትዘልቅ የምታስቀድሰው እዚያ ሥር ቆማ ነው። ይህን የሚል ማስታወቂያ የትም አልተለጠፈም፤ ግን አሰላ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጢቾ አካባቢ ገጠር ተወልጄ በጋብቻ የመጣሁት እኔ ራሴ በመጀመሪያው ወር አወቅሁት። የወይራው ጥላ ጥሩ ነው፤ ካፊያም በመጠኑ ይከላከላል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከሴቶቹ በር ሆኖ ለሚያይ ሰው ሥሩ የቆመ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አግብታ ልጅ ያልወለደች ሴት ወይራው ሥር ታየች ማለት ደግሞ በዚህም ወር አልሆነም ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ በየወሩ ነጠላዬን ተከናንቤ እዚያ ስቆም የራሴን ዜና በራሴ አንደበት የማነብ ያህል ነበር። ያውም አንደበት ሳያስፈልገኝ።

አንደበት ቢያስፈልገኝማ አልችለውም ነበር። ዓይናፋር ነኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪው ተነሥተሽ አንብቢ ሲለኝ ድምፄ ስለሚጠፋ ክፍሉ ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ ያሰግግ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅሁት ግን በዚህ አይደለም፤ ሰባተኛ ያለበት ትምህርት ቤት ሩቅ ስለሆነ ነው። አፌ ዝም ይበል እንጂ ውስጤ አንዲት ለፍላፊ አለች። ይህን የምትጽፈውም እሷ ናት።

ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶቹ በእኔ በኩል አድርገው ይወጣሉ። መውጫው በዚያ ስለሆነ ነው እንዳልል ሌላም በር አለ።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ ማርያም ታውቃለች» ይሉኛል።

ማርያም እንደምታውቅ ጥርጥር አልነበረኝም። የገረመኝ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥበት መንገድ ሙሉ ማወቁ ነው። ሰኞ ዕለት ክር ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ሴትዮዋ ክሩን እየሰጠችኝ «ለእኔም እኅት ቶሎ አልሆነላትም ነበር» ትለኛለች። እኔ የጠየቅኋት ጥቁር ክር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አማቴ አሉ። አማቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የሚጠራጠር እንዳይኖር። ጾም አያጎድሉም፣ ሳይጸልዩ አይበሉም፣ ሲጸልዩ ደግሞ ድምፃቸውን አይቆጥቡም። ለአምላክ የሚነግሩትን ለጎረቤትም ያካፍላሉ። እንግዳ ቤት ውስጥ ካለ ይብሳል። እኔ ወጡን ይዤ ቆሜ እያለ ዓይናቸውን ይጨፍኑና፦

«እመቤቴ፣ የዚህችን ልጅ ማኅፀን ክፈችላት። ልጄ ዘር እንዲያይ አድርጊ። እኔም የልጅ ልጅ ሳላቅፍ አትውሰጂኝ» ይላሉ።

እንግዳው አሜን ይላል። ከዚያ ሁሉም እጄን ያያል፤ ሰሐኑ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ለማየት ይመስለኛል። ይንቀጠቀጣል።

እሳቸው የሚጠሩኝ ሙሽሪት ብለው ነው። ባገባሁ ሳምንት ደስ ይለኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሙሽሪት ሲባል ግን ስሙ ቅር ማሰኘት ይጀምራል። በእኛ ሰፈር ሙሽራ ስሟ የሚቀየርላት የእገሌ እናት ስትባል ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጸጉሯ ቢሸብትም ሙሽሪት ናት።

ምክር የሚሰጠኝም ብዙ ነበር። አንዷ ለማርያም ተሳይ ትለኛለች። ሌላዋ የለም፣ ለአርሴማ ነው የሚሻለው ትላለች። ሦስተኛዋ ገብርኤል ፈጣን ነው፣ የእሷን ጉዳይ በዓመቱ ጨርሶላታል ትላለች። ስለ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚያወሩ ነበር የሚመስለው፤ የትኛው መስኮት ላይ ሰልፉ አጭር እንደሆነ የሚጠቋቆሙ። እኔ ከማንም ቅዱስ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ሌሊት ተነሥቼ ስጸልይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለው፦ እመቤቴ፣ ልጅ ስጪኝ፤ ስትሰጪኝ ደግሞ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።

ለእኔ ብቻ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አርግዤ ነበር። ያኔ ሞኝ ነበርኩና ለአማቴ ነገርኳቸው። እሳቸው በዚያው ዕለት ለጽዋ ማኅበራቸው ነገሩ። ማኅበሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ እልል አለ። በሳምንቱ ውስጥ ልጁ ወንድ እንዲሆን ተወስኖ ስም ወጣለት፤ የምተኛበት ጎን ተመረጠልኝ፤ በርበሬ ተከለከልኩ። ሆዴ ሳይገፋ ሦስተኛው ወር ላይ ወረደ።

ሊያጽናኑኝ የመጡት ያንኑ እልልታ ያሉት ሴቶች ናቸው።

«ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ይመጣል።»

«ያላዩት ልጅ አያንገበግብም።»

«ምናልባት በሽተኛ ሊሆን የነበረ ነው፤ እመቤቴ ገላገለችሽ።»

«ምን አንሥተሽ ነበር? እስቲ አስታውሺ፤ አንድ ነገር ሳታነሺ አትቀሪም።»

ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ደግነታቸው አይካድም፤ እያንዳንዷ አንድ ነገር ይዛ ነው የመጣችው፣ ወይ ዳቦ ወይ ቃል። ዝም ብላ አጠገቤ የተቀመጠች ግን አንዲትም አልነበረችም። ዝምታ ይዞ መምጣት ባዶ እጅ መምጣት ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ስለዚህ አምና መስከረም ላይ የወር አበባዬ ቀርቶ፣ መስቀልም አልፎ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ እርግጡን ሳውቅ አፌን ዘጋሁ። መዝጋት ልምዴ ስለሆነ አልከበደኝም።

ለባሌ ግን መንገር ነበረብኝ። ባሌ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። አጨዳው ሲጀመር ከቤት ይወጣና ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየዞረ ይከርማል። ያን ጊዜ የነበረው በኢተያ በኩል ነው። ስደውልለት ሞተሩ ከኋላው ያገሳል። ከጓዳ ሆኜ አማቴ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ፦

«ነፍሰ ጡር ነኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ነፍሰ ጡር።»

«ነዳጅ? ነዳጅማ ሞልተናል፣ አትጨነቂ» አለና ዘጋው።

በሕይወቴ ደፍሬ የተናገርኩት ትልቁ ነገር ነዳጅ ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ የውኃ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ፣ መልሶ ባርኔጣውን አደረገ። ሊያቅፈኝ ሲጠጋ የናፍጣው ሽታ አጥወለወለኝና ጓሮ ሮጬ አስመለስኩ። ያለቀስኩ መስሎት ተከተለኝ።

«ምነው? ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ሽታህ ነው» አልኩት።

«እሺ፤ ለእማዬ እንንገራት?»

«እንዳትሞክረው። ሆዴ እስኪገፋ እኔና አንተ ብቻ እንወቀው።»

«እመቤታችንስ?»

«እሷ ማኅበር የላትም።»

ሳቀና ማለልኝ። መሐላውን ጠበቀ፤ ለነገሩ የዋለው ከኮምባይነር ጋር ስለሆነ ቢናገርም የሚሰማው አልነበረም።

የቀረው ወይራው ነው። ወይራውን ምን ላድርገው? በወሬ ያልተነገረውን ወይራው ይናገራል። ሁለት ወር ተከታትዬ ሥሩ ካልታየሁ ሴቶቹ ጣታቸውን አጥፈው ይደርሱበታል፤ በቁጥር ከእኔ ይበልጣሉ። እንደ ድሮው በወር አንዴ ብቻ ልቁም ብል ደግሞ መዋሸት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ በሰውነቴ ልዋሽ አልደፈርኩም። አስቤ አስቤ መላ አገኘሁ፤ ከአሁን ወዲያ ሁልጊዜ እዚያው እቆማለሁ። እያንዳንዱ እሑድ፣ እያንዳንዱ በዓል። ደጅ ቆሞ ማስቀደስ ለማንም የተፈቀደ ነው፤ ግቢውም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁልጊዜ እዚያ ካለሁ ማንም ምንም ማወቅ አይችልም። በራሴ ብልኅነት ኮራሁ። ስድስተኛ ክፍል መማሬ ለዚህ ቀን ነው አልኩ።

ጥቅምት እንዲሁ አለፈ። ሴቶቹ እየወጡ ያዩኛል፣ አይዞሽ ይላሉ፣ ያልፋሉ። ቀስ በቀስ ግን አይዞሽ የሚለው ቃል እየረዘመ መጣ። በኋላም በአጠገቤ ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ ማድረግ ጀመሩ። እኔ ስለ ሆዴ እንጂ ስለ ፊታቸው አላሰብኩም።

አንድ ቀን አማቴ ጓዳ ድረስ ተከትለውኝ ገቡ። በሹክሹክታ ሊያናግሩኝ ፈልገው ነበር። የእሳቸው ሹክሹክታ አጥር አይይዘውም እንጂ ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

«ሙሽሪት፣ አልቆም አለሽ እንዴ?»

ደነገጥኩ። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ሄጄ ሳስመልስ የሰሙኝ መሰለኝ። ጨጓራ ነው ልል ተዘጋጅቼ ስለነበር፦

«አዎ እማማ፤ ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል» አልኩ።

«ውይ ልጄን። ከጀመረሽ ቆየ?»

«አንድ ወር አልፎታል።»

«ያምሻል?»

«ያደክመኛል እንጂ አያመኝም።»

ራሴን ሳሙኝና እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ለጨጓራ ይህን ያህል ማልቀስ ምንድን ነው ብዬ ገረመኝ። ያም ሆኖ ደስ አለኝ፤ ምሥጢሬን ሳድን እዚያው ጓዳ ውስጥ ሌላ ነገር በራሴ አፍ ማመኔን አላወቅሁም።

ኅዳር ማርያም ዕለት የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነበር። የማኅበር መሪ ሙሴ ነው የምትባለው። የእኛዋ ሙሴ ወፈር ያሉ፣ ድምፃቸው የሚያስተጋባ ሴት ናቸው፤ እንደ ስማቸውም ሕዝብ ይመራሉ፣ ባሕር ባይከፍሉም የሰው ጉዳይ መሃል ለመሃል ይከፍላሉ። የንስሐ አባታችንም ተጠርተው መጥተዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ሰው ሲጯጯህ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ዳቦው ተቆረሰ፣ የጾም ወጥ ተበላ፣ ጽዋው ዞረ። እኔ ሰሐን ላነሣ ስል ሙሴዋ ጠሩኝ።

«ተይው ሰሐኑን። ነይ እስቲ ልጄ፣ እዚህ መሃል ቁሚ።»

መሃል መቆም ለእኔ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆምኩ። ሁሉም ተነሡ። ሙሴዋ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳትን ሴት የልብስህ ጫፍ አዳናት። የዚህች የሁለት ወር ነው፤ አያቅትህም።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ወይራው፣ ነጠላው፣ የአማቴ እንባ፣ አልቆም አለሽ ወይ ያሉኝ። እርግዝናዬን ልደብቅ ብዬ ደም የሚፈሳት ሴት ሆኜ መጽሐፍ ውስጥ ገብቻለሁ። ይህ ሁሉ ሰው የሚማልድልኝ ለሌለኝ በሽታ ነው፤ ያለኝን ደግሞ ማንም አያውቅም። ወለሉ ቢከፈት እገባ ነበር።

ወለሉ አልተከፈተም። የተከፈተው ሙሴዋ ከቦርሳቸው ያወጡት የውኃ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ የደፈረሰ ቡናማ ነገር አለ።

«ይኸውልሽ። ከአቦምሳ በኩል አዋቂ ሰው የቀመመው ሥር ነው። ማኅፀን ጠርጎ ያደርቃል። ለባለ ሱቋ እኅት በአንድ ቀን ነው ያቆመላት።»

ጠርጎ የሚለውን ቃል ስሰማ እጄ ሳላዘው ሆዴ ላይ ሄደ። ያመመኝ መስሏቸው «አይ ልጄን» አሉ። በብርጭቆ ቀድተው አስያዙኝ። ሽታው እንደ በሰበሰ እንጨት ነው። አልጠጣም ማለት ፈለግሁ። ግን ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ።

«መራራነቱን ፈርታ ነው» አለች አንዷ።

«አፍንጫሽን ያዥና ጨልጪው።»

«ቀስ እያለች ትጠጣ እንጂ፣ ትን ይላታል።»

«ሙሽሪት፣ ስለ እኔ ብለሽ» አሉ አማቴ። በእውነት ፈርተውልኛል።

ያንን ብርጭቆ ባስታወስኩት ቁጥር አሁንም ላብ ያጠምቀኛል። ለማስደሰት ብዬ ስንቱን ነገር ውጬ አውቃለሁ። ዓይናፋር ሰው ላለመናገር ሲል መርዝም ይጠጣል። ከንፈሬ ላይ አድርሼው ነበር። ከዚያ እንደምንም፦

«ደም የለም» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ደም የለም አለች።»

«ቆሟል?» አሉ ሙሴዋ።

«ቆሟል።»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የፈራሁት እልልታ መጣ፤ ግን በተሳሳተ አድራሻ።

«ሳትጠጣው እኮ ነው!»

«ሽታው ብቻ አቆመው!»

«የቀረውን ለእኔ ጉልበት አትሰጡኝም?» አለች ከበሩ አጠገብ የቆመች።

በዚህ ግርግር መሃል የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አውጥተው ቀረብ በይ አሉኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ተንበርክኬ ተሳለምኩ። ጆሮዬ አጠገብ ዝቅ ብለው፦

«ልጄ፣ የቆመው ዛሬ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ።»

«መቼ ነው?»

«ከመስቀል በፊት።»

አማቴን አዩ፣ ሙሴዋን አዩ፣ ብርጭቆዬን አዩ።

«ለአማትሽ ለምን አልነገርሻትም?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«እልልታውን።»

ሳል መሰለኝ እንጂ ሳቅ ነው፤ ጺማቸው ውስጥ አስቀሩት። ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱና ወንበራቸው ሥር አኖሩት። መስቀሉን ራሴ ላይ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ ጸለዩ። ግእዙን አላውቀውም፤ አንድ ቃል ብቻ ለይቼ ሰማሁ፤ ጽንስ የሚለውን። አራት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው በላዬ ጮኾ ጸልዮአል፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ የጸለየልኝ ግን አልነበረም። ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ሽቅብ ሰቅዬው እንደከረምኩ እንኳን አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ ቀና ብለው፦

«ይህን ነገር ድፉት» አሉ። «ይህች ልጅ ከእንግዲህ ምንም ሥር፣ ምንም ቅጠል እንዳትቀምስ። ከባድ ዕቃ አታንሣ። እንቅልፍ ትጥገብ። ጾሙንም እኔ አቅልዬላታለሁ።»

«ለምን አባታችን?» አሉ ሙሴዋ።

«ቀኖና ነው።»

«ምን ኃጢአት ብትሠራ ነው እንቅልፍ የታዘዘባት?»

«ይህን የማወቅ ቀኖና ለእርስዎ አልተሰጠም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ሙሴዋ ስድስት ልጅ አሳድገዋል፤ እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያስገኝ ኃጢአት ካለ እሳቸውም ቢነገራቸው እንደሚወዱ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኖናዬን በትጋት ፈጸምኩ። ውኃ አልቀዳሁም፤ ከሰዓት በኋላ እተኛለሁ። አማቴ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ እንግዳ ሲመጣ «ንስሐ ላይ ናት» ይሉ ነበር። ሰፈሩ ስለ ኃጢአቴ ክብደት ብዙ ገመተ። የተገመተልኝን ሁሉ ለመሥራት ዕድሜ አይበቃኝም፤ ግን በአንድ በኩል ተከበርኩ።

ወይራውንም ተውኩት፤ እንደማንኛዋም ሴት በሴቶቹ በር ገባሁ። ደሟ ቆመላት ተብሎ ስለተነገረ ማንም አልቆጠረኝም። ሊቆጥሩብኝ ያልቻሉትን ቀናት እኔ በሆዴ ቆጠርኩ። ያኛው የወረደበት ወር ደረሰ፣ አለፈ። ባለፈ ጊዜ ማንም ሳያየኝ ትራሴን አቅፌ አለቀስኩ። ቀሚሴ ወገቡ ላይ መጥበቅ ጀመረ። ገና ሲውል ባሌ ይመጣል፤ ያኔ ለአማቴ አብረን እንነግራቸዋለን ብለን ተነጋገርን።

ከገና በፊት በነበረው እሑድ ጠዋት ደም አየሁ።

ብዙ አይደለም። ግን ያኛውም ሲጀምር ብዙ አልነበረም። አማቴ ለኪዳን ማልደው ሄደዋል። ለባሌ ደወልኩ፣ አያነሣም። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የጭላሎ ተራራ ብርድ ፊት ይልጣል። ጤና ጣቢያ መሄድ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ብቻዬን ያንን በር መግፋት አልቻልኩም። ሰው ፈለግሁ። እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ፤ አማቴ ያሉት ከሴቶቹ በር ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ልገባ አይገባኝም። ወይራው ሥር ሄጄ ቆምኩ። ከመስቀል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ብልኅነት፣ ያለ ተንኮል፣ የምቆምበት ምክንያት ኖሮኝ ቆምኩ።

ጸለይኩ ልበል? ቅዳሴው ይሰማኛል፤ የሕዝቡን ተሰጥዎ መመለስ አቅቶኝ ነበር። ግንዱን ተደግፌ ይህን ብቻ አልኩ፦ እመቤቴ፣ እንደምታውቂኝ ሁሉንም በቀልድ ነው የማልፈው። ይሄኛውን አልችልም። አንቺም ልጅ በሆድሽ ይዘሽ በሩቅ መንገድ ሄደሽ ታውቂያለሽ፤ ያኔ የፈራሽውን ፍርሃት አስቢና ይህን ያዥልኝ። አትልቀቂው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ደጋገምኩት። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ያዥልኝ፣ ያዥልኝ ስል አንድ የማላውቀው ጸጥታ ውስጤ ገባ። ለፍላፊዋ እንኳን ዝም አለች። ይድናል የሚል ተስፋ አይደለም፤ ብቻዬን አይደለሁም የሚል ነገር ነው እንጂ። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልችልም።

ሰው ሲወጣ መጀመሪያ ያዩኝ ሙሴዋ ናቸው። አፋቸውን ከፍተው ወደ እኔ መምጣት ሲጀምሩ አማቴ ክንዳቸውን ያዙና አቆሟቸው። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም። ብቻቸውን መጡ።

«ሙሽሪት?»

«እማማ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። ዛሬ ደም አየሁ።»

ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አልኩት። አማቴ አፋቸውን ከፈቱ። ለእልልታው ነው ወይስ ለእዬዬው እያልኩ ጠበቅሁ። መልሰው ዘጉት። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው በጋቢዬ ላይ አለበሱኝና በእጄ ይዘውኝ ወጡ። ሙሴዋ «ምንድን ነው?» ሲሉ ከኋላችን ተሰማ። አማቴ ዞረው አላዩም።

ባጃጅ ውስጥ ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ለሾፌሩ ነው።

«ቀስ በል።»

«እማማ፣ መንገዱ እኮ ነው።»

«መንገዱን ቀስ በለው።»

እጄን አጥብቀው ይዘው ነበር። ዞር ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። አማቴ ያለ ድምፅ ሲጸልዩ ያን ቀን አየሁ። እስከ ጤና ጣቢያው በር እንደዚያው ነበሩ።

ነርሷ ወጣት ናት። አልጋው ላይ አስተኛችኝ፣ መረመረችኝ፣ ደሙ መቆሙን፣ የማኅፀኑ በር መዘጋቱን ነገረችን። ከዚያ ትንሽ መሣሪያ አምጥታ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ሆዴ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ጭርጭርታ ብቻ ነው። ወደ ግራ ወሰደችው፣ ወደ ታች ወሰደችው። የአማቴ ጥፍር እጄ ውስጥ ገብቷል። ጭርጭርታው ቀጠለ። ጣሪያው ላይ አንድ የውኃ እድፍ አለ፤ ቅርጹን እስከ ዛሬ መሣል እችላለሁ።

ከዚያ መጣ። ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ፣ ሽምጥ እንደሚጋልብ ፈረስ ያለ።

«ኩን ኦኔ ኢሳቲ፣ አዴ» አለቻቸው ነርሷ በኦሮምኛ፤ ልቡ ነው ይኸው ማለቷ ነው። ለእኔም ደገመችው። «ልቡ ነው። ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ። ግን በቂ አልነበረም።

«ድምፁን ጨምሪው» አልኳት።

«ይሰማል እኮ።»

«ጨምሪው። እስከ መጨረሻው ጨምሪው።» ምን ያህል እንደጮኽኩ ያወቅሁት ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን በበሩ ሲያስገቡ ነው። ነርሷ እየሳቀች አንዱን ቁልፍ ጠመዘዘችው፤ ፈረሱ ክፍሉን ሞላው።

አማቴ እንባቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል። በአንድ እጃቸው አፋቸውን ይዘው፣ በሌላው ትከሻዬን ጫን አድርገው ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉ።

«ቀስ በይ እንጂ ሙሽሪት፤ ሰው ይሰማል።»